ላፕቶፕ መያዣም የጭን ጠረጴዛም የሚሆን ቦርሳ፦ ለመስክ ሥራ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፤ የጤና ባለሙያ፣ ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ በገጠር ወረዳዎች ያሉ ጤና ኬላዎችን እየዞርኩ መከታተል ነው። የክትባትና የእናቶች ክትትል መዝገቦችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ሪፖርቱን እዚያው ሳለሁ መጨረስ እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ መዝገቡን የጻፈችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አጠገቤ ስላለች ወዲያው እጠይቃታለሁ። ያስቸገረኝ ጠረጴዛ ነው። ብዙ ጊዜ ኬላው ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱም ለታካሚ መዋል አለበት። ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እሠራለሁ። ጥቂት እንደቆየሁ ጭኔን ያቃጥለኛል፣ ማራገቢያው መጮኽ ይጀምራል፣ ማውሱንም የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

ላፕቶፔ 15.6 ኢንች ነው፤ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በመንገድ ላይ ከአቧራ፣ ከዝናብና ከመንገጫገጭ የሚጠብቀው፣ ስደርስ ደግሞ ጭኔ ላይ ጠረጴዛ የሚሆንልኝ አንድ ቦርሳ እፈልጋለሁ። ሱቅ ውስጥ ከሥሩ ትራስ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ ከጎኑ እጀታ ያለው ዓይነት አይቻለሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ደረቅ መያዣ ልትልክልኝ ትችላለች። ወይስ እዚሁ ማሰፋት ይሻለኛል? የተጠቀመበት ወይም የሠራው ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፤ የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ቦርሳ ከመምረጥዎ በፊት ላፕቶፑን ገልብጠው ሆዱን ይመልከቱ። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ቀዝቃዛ አየር የሚስቡት ከሥር ባሉ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ትኩሱን የሚያስወጡት በጎን ወይም በማጠፊያው በኩል ነው። የእርስዎ የቱ ጋ እንደሚስብ ለማወቅ፣ ማራገቢያው እየሠራ ሳለ አንድ ስስ ሶፍት ወደ ቀዳዳዎቹ ያስጠጉ። የሚስበው ጋ ሶፍቱ ይለጠፋል፤ የሚተነፍሰው ጋ ይርገበገባል።

ጭን፣ ብርድ ልብስና ትራስ የሚጎዱት ይህን መግቢያ ስለሚደፍኑ ነው። አየር ሲያጣ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ያም ካልበቃ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰዎች ኮምፒውተሬ አረጀ ብለው ወደ እኔ ከሚያመጡት ውስጥ ብዙው አየር ያጣና አቧራ የጠጣ ነው። ስለዚህ የመረጡት ቦርሳ ምንም ይሁን ምን ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ገጽ ደረቅና ጠፍጣፋ ይሁን፤ በላፕቶፑና በገጹ መካከልም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ከኋላ በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የጎማ ቁራጮች ይበቃሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት፦ ክዳኑን ብቻ ዘግተው ወደ ቦርሳ አይክተቱት። የተኛ የሚመስል ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ነቅቶ ሊሠራ ይችላል፤ በስፖንጅ ተከብቦ ሲግል ባትሪውን ይጎዳል። ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ማጥፋቱ የበለጠ ግድ ነው፤ እየተሽከረከረ ሲንገጫገጭ ዲስኩ ይጎዳል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ማከማቻ) ከሆነ ይህኛው ስጋት የለብዎትም።

መልስ፤ የማታ ተማሪ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኔ የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የኮሌጅ ትምህርቴን ጭኔ ላይ እሠራለሁ። የጠቀሻቸውን ሁለቱንም ዓይነቶች ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ትራስ ያለው ለቤት ጥሩ ነው። ሶፋ ላይ ይመቻል፤ ሰሌዳው ደረቅ ስለሆነ አየርም አይዘጋም። ለጉዞ ግን አይሆንሽም። እጀታው የሚያንጠለጥለው ትራሱን ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ከላይ ምንም ልባስ ሳይኖረው ይቀራል፣ ወይም ሌላ ቦርሳ ይፈልጋል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፎም እንክብሎችም ስፌቱ ሲላላ ይፈሳሉ።

የሚገለጠው ደረቅ መያዣ ወደ ሐሳብሽ የሚቀርበው ነው። ላፕቶፑ በማዕዘኖቹ በላስቲክ ይታሰራል፤ ዚፑን ከፍተሽ እዚያው መሥራት ትችያለሽ። አንዳንዱ ግን ከላፕቶፑ ሥር ለስላሳ ጨርቅ ያነጥፋል፤ ወንድማችን ከላይ የነገረሽ መታፈን እዚያ ላይ ይመጣል። አክስትሽ ስትገዛ እጇን አስገብታ ላፕቶፑ የሚያርፍበትን ገጽ ትዳስሰው።

ልኩንም አስቀድመሽ ላኪላት። 15.6 ኢንች የሚባለው የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት ነው። ስክሪኑ ራሱ ወደ ጎን 34.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የላፕቶፑ አካል ግን በጠርዙ ውፍረት ይለያያል። የቆዩት ሰፋ ያለ ጠርዝ ስላላቸው፣ ለ15.6 ይሆናል ተብሎ የተሸጠ መያዣ አልዘጋ ሊላቸው ይችላል። አካሉን በሜትር ለኪው።

መያዣው ባትሪ መሙያ ፓወር ባንክ ያለው ከሆነ ደግሞ የሚያመጣው ሰው በእጁ ይዞት ይሳፈር። በአውሮፕላን ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

መልስ፤ አንድ አባል፣ ከደሴ

የቤት ትሪ ተጠቅመሽ ለምን አትሞክሪም? ጠርዝ ስላለው ላፕቶፑ አይወድቅም።

መልስ፤ የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ

የብረት ትሪ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ጭን ያስተላልፋል፤ ያንሸራትታልም። የእንጨት ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ከሆነ ለጊዜው ይረዳል።

መልስ፤ ቦርሳ ሰፊ፣ ከመርካቶ

ልጄ፣ እኔ የምመክርሽ ማሰፋቱን ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ። ቦርሳ የሚጠብቀው ለስላሳ ሲሆን ነው፤ ጠረጴዛ የሚያገለግለው ደረቅ ሲሆን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያጣበቀ ዕቃ ከአንዱ ሥራ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰሌዳውን ለብቻው ሠርተሽ ቦርሳው ውስጥ የራሱን ኪስ ስጪው።

ለሰሌዳው 5 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል። 42 በ30 ሴንቲ ሜትር ብታስቆርጪው ክብደቱ 400 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ከቀጠነ መሐሉ ይረግባል፤ ከወፈረ ደግሞ ትከሻሽ ይከፍላል። ጠርዙን አናጢው ክብ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርደው፤ የእጅ አንጓ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ጭን ላይ እንዳይንሸራተት ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጡ ሁለት ቀበቶዎች ይለጠፉበት፤ ከላይ የጠጋኙ ወንድሜ ያለው የኋላ ማስደገፊያ ይደረግበት።

የማውሱ ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ላፕቶፑ ብቻውን 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ማውስ ቢያንስ 18 ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚይዝ አንድ ሰሌዳ ብትሠሪ ቦርሳው እንደ በር ይሰፋል፤ በመኪና በርም አይገባም። መፍትሔው ተንሸራታች ነው። ሰሌዳውን ሁለት ንብር አድርገሽ በመካከሉ 3 ሚሊ ሜትር ስስ ጣውላ ታስገቢያለሽ፤ ስትፈልጊ ወደ ጎን ይሳባል። ሲወጣ ከርዝመቱ ግማሹ ውስጥ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ እጅሽን ስታሳርፊበት ይሰበራል።

ወደ ቦርሳው ስመጣ፣ አባቶች መጽሐፋቸውን በትከሻ የሚያንጠለጥሉበትን ማኅደር አይተሽ ከሆነ፣ መጽሐፉ ውስጥ አይላወስም፤ በልኩ የተሰፋ ቆዳ ይይዘዋል፣ ከላይ ሌላ ልባስ ይደርብለታል። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው የሚፈልገው። የሚላወስ ዕቃ በመንገድ ላይ ከውስጥ ይመታል። ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ፣ ከታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቦርሳ ብዙ ጊዜ መሬት የሚመታው በታች ማዕዘኑ ነው። ሰሌዳው ደግሞ በስክሪኑ ፊት ለፊት ይሁን፤ ሰው ቢደገፍበት ወይም ሻንጣ ቢጫንበት ጫናውን ይመክታል።

ውጪውን ውኃ የማያሳልፍ ሸራ አድርጊው። ቆዳ ያምራል፤ እኔም በቆዳ መሥራት እወዳለሁ፤ ግን ይከብዳል፣ ዝናብ ከጠጣም ቶሎ አይደርቅም። ዚፑ ጥርሱ ትልልቅ ይሁን፣ በላዩም የሸራ ክዳን ይውረድበት፤ አቧራ መጀመሪያ የሚጨርሰው ዚፕ ነው። ማንገቻው አፉ ላይ ብቻ ከተሰፋ ይበጠሳል። በቦርሳው ሥር ዞሮ እንዲመጣ አስደርጊ።

መልስ፤ የጥናት መረጃ ሰብሳቢ፣ ከሐዋሳ

የጋሼን ሙያ አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። መስክ ላይ ሰሌዳ ማውጣት፣ ላፕቶፕ ማውጣት፣ ማስተካከል፣ ከዚያ ደመና ሲመጣ ሁሉንም መልሶ መክተት አድካሚ ነው። ሰው ቆሞ ይጠብቅሻል። የሚገለጠው መያዣ ዚፕ ተከፈተ፣ ሥራ ተጀመረ፤ ዝናብ ሲያካፋ ተዘጋ። እኔ ፍጥነቱን እመርጣለሁ።

መልስ፤ ቦርሳ ሰፊ፣ ከመርካቶ

ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ላስቲክ ካለ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። በአራቱ ማዕዘን ላስቲክ ይሰፋል፤ ላፕቶፑ ሰሌዳው ላይ እንደታሰረ ሁለቱ አብረው ወደ ቦርሳው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። እንዲህ ከሆነ ሰሌዳው ከሥር ይሆናል፤ በስክሪኑ በኩል ያለው ስፖንጅ ይወፍር። ማታ ቤት ስትደርስ ላስቲኩን ፈትተህ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ታኖራለህ። የአንድ ወጥ መያዣው ችግር ላፕቶፑ ሲቀየር ይመጣል፤ አዲሱ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሙሉ ዕቃው ይጣላል። በእኔ አሠራር የሚቀየረው ላስቲኩ ብቻ ነው።

መልስ፤ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

ስለ ዕቃው በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ ሰውነትዎ ልናገር። የጭን ጠረጴዛ አንገትን አያድንም። ኪቦርዱና ስክሪኑ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ እጅ ሲመቸው አንገት ይጎነበሳል። አንድ ሰዓት ለሚሆን ሥራ ብዙ አያሳስብም፤ ረዘም ካለ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። እግርዎ መሬት ይርገጥ፤ ክርንዎ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋ። አግዳሚው ከፍ ብሎ እግርዎ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሣጥን ያድርጉ። ቤት ሲገቡ ላፕቶፑን መጻሕፍት ደራርበው ከፍ አድርገው ለብቻው በተገዛ ኪቦርድ ይሥሩ።

ጭኔን ያቃጥለኛል ያሉትን ችላ አይበሉት። የሚያቃጥል ደረጃ ላይ ያልደረሰ ሙቀት እንኳ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ላይ ካረፈ ቆዳው ላይ መረብ የመሰለ ቀይ ወይም ቡናማ ምልክት ያወጣል። ምድጃ አጠገብ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጡ ሰዎች እግር ላይ የሚታየው ነው፤ በላፕቶፕም መምጣቱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሙቀቱ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከቆየ ለሐኪም ያሳዩ።

ሌላው የመኪናው ነገር ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ይሥሩ። በሚሄድ መኪና የፊት ወንበር ላይ፣ ኤርባግ ባለበት፣ ደረቅ ሰሌዳ ታቅፎ መቀመጥ በግጭት ጊዜ ከባድ ጉዳት ያመጣል።

ጥያቄ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። ላፕቶፕ ጭን ላይ ማድረግ የወንድን ዘር ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው? ሰሌዳ ካለ ይቀራል?

መልስ፤ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። በኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ29 ጤነኛ ወንዶች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርገው ለ1 ሰዓት ሲቀመጡ የዘር ፍሬ ከረጢት ሙቀት ከ2.6 እስከ 2.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨመረ። ሙቀቱ መጨመሩ ተለካ እንጂ መካንነት ማስከተሉ አልተለካም። የሙቀቱ አንድ ምክንያት ኮምፒውተሩ ነው፤ ሁለተኛው ላፕቶፑ እንዳይወድቅ እግርን ገጥሞ መቀመጡ ነው። በኋላ የተደረገ ጥናትም ከሥሩ ሰሌዳ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እግርን ከፍቶ መቀመጥ የበለጠ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሰፋ ያለ ሰሌዳ እግርህን ከፍተህ እንድትቀመጥ ያስችልሃል፤ ጥቅሙ በዚያ በኩል ነው። ጠረጴዛ ካለህ ግን በጠረጴዛው ሥራ።

የጠያቂዋ ምላሽ፤ የጤና ባለሙያ፣ ከጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሶፍት ሞከርኩት፤ የሚስበው ከሥር፣ የሚያስወጣው በግራ ጎን ነው። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ፤ ማውሱን በግራ እጄ ነው የምይዘው። ተንሸራታቹን በግራ ካወጣሁት ትኩስ አየር በቀጥታ እጄ ላይ ሊመጣ ነው። በቀኝ እጄ መልመድ አልቻልኩም። ምን ይሻላል?

መልስ፤ የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ

የአየር መውጫው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወደ ማጠፊያው ጠጋ ብሎ ነው። ስለዚህ ተንሸራታቹ የሰሌዳውን ሙሉ ጎን አይያዝ። ወደ እርስዎ በሚቀርበው በፊተኛው በኩል ብቻ ይውጣ፤ ከኋላ ባዶ ይተው። ትኩሱ አየር በባዶው በኩል ያልፋል፣ እጅዎ ከፊት ይቀራል። ተንሸራታቹ ከሰሌዳው ገጽ ዝቅ ብሎ መውጣቱም ይረዳል።

መልስ፤ ቦርሳ ሰፊ፣ ከመርካቶ

ይቻላል ልጄ። ላፕቶፑን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፤ መሳቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹ ያሉበትንም ምልክት አድርጊ። ያ ወረቀት ካለሽ ጅማም ያለ ጥሩ ሰፊና አናጢ ይሠራልሻል፤ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለብሽም።

የጠያቂዋ ምላሽ፤ የጤና ባለሙያ፣ ከጅማ

አስምሬዋለሁ። ወርዱ 36፣ ጥልቀቱ 24፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። የግራው መውጫ ከኋላ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ጀምሮ 8 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ተንሸራታቹ ከፊት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያገኛል፤ ይበቃል?

መልስ፤ ቦርሳ ሰፊ፣ ከመርካቶ

ሰሌዳው 30 አይደለም እንዴ? ላፕቶፑን ወደ ኋላ ጠርዝ አስጠግተሽ ብታስሪው ከፊቱ 6 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ያ ሲደመር ተንሸራታቹ 19 ይሆናል፣ ለማውስ በቂ ነው። የእጅ አንጓሽም ማረፊያ ያገኛል። የቻርጀሩን ኪስ በውጪ በኩል ከሰሌዳው ጀርባ አስደርጊው እንጂ በስክሪኑ በኩል አይሁን፤ ቦርሳው ሲጫን የቻርጀሩ ጉብታ ስክሪን ይሰነጥቃል።