ለደሴ ቤተሰብ ራቭ ፎር ወይስ ግራንድ ቪታራ?

ጠያቂዋ (ደሴ)፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ያገለገሉ የቤንዚን መኪኖች ቀርበውልን መወሰን አቃተን። አንዱ በፈረንጅ የ2007 ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ኦቶማቲክ ነው። ሌላው የ2008 ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ፣ ማንዋል፣ ባለ አምስት በር። ሁለቱም ሞተራቸው 2.0 ነው፤ ዋጋቸውም ይቀራረባል። ቤተሰባችን አምስት ነው፤ ሁለት ልጆችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ አሉ። ዘወትር ልጆቹን ከሰኞ ገበያ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ መውረድ ነው። ለአረፋም ለገናም ግን ኩታበር እንሄዳለን፤ ከዋናው መንገድ ከተገነጠልን በኋላ ክረምት ላይ ጭቃው አያሳልፍም። ባለቤቴ «ከቶዮታ ሌላ አልገዛም» ብሏል። የኔ ልብ ቪታራው ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

ከወልድያ፦
ባልሽ ልክ ነው። የቶዮታ መለዋወጫ የትም አይጠፋም፣ ስትሸጪውም ገዢ አታጪም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እጅሽ ላይ ያለውን ነው ለብዙ ዓመት የምትጠግኚው።

መካኒኩ (ኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ ሁለቱንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አስፋልት ብቻ ቢሆን ከባለቤትሽ ጋር እስማማ ነበር። ለኩታበሩ ጭቃ ግን ቪታራው ይሻላል። ራቭ ፎሩ የሚሄደው በፊት ጎማ ነው፤ ለኋላው የሚያካፍለው ሲንሸራተት ነው። ኃይሉን ለአራቱም ጎማ የሚያስረውን ቁልፍ (ሎኩን) ብትጫኚውም 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታልፊ ራሱ ይለቃል። ቪታራው አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ለጭቃና ለዳገት ዝግ ብሎ በኃይል የሚጎትት ከባድ ማርሽም (ፎር ኤል) አለው። ብቻ ዳሽቦርዱ ላይ «ፎር ኤል ሎክ» የሚል መዞሪያ መኖሩን እዪ፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ቪታራም አለ። ወደ ፎር ኤል ስታስገቢ መኪናው ቁሞ፣ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ይሁን። ቤንዚን ከራቭ ፎሩ በትንሹ አብልጦ ይበላል፣ እሱን እወቂው።

ጉልበት ላይ ከሁለቱም ብዙ አትጠብቂ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደነዚህ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አምስት ሰው ጭነሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ማርሹን ቶሎ ቀንሺ፣ ሞተሩን አታስጨንቂው። ስትወርጂ ደግሞ፣ እባክሽ፣ በፍሬን ብቻ አትያዢው። ሸራው ከጋለ ፍሬኑ አይዝም። በታችኛው ማርሽ ሆነሽ ሞተሩ ይያዘው፤ ኦቶማቲክ ከገዛችሁም ያው ነው። ልጆች ጭነው ማርሹን ዲ (የዘወትር መንጃው) ላይ ትተው የሚወርዱትን ሳይ ሆዴ ይባባል።

የቪታራው ደካማ ጎን የታይሚንግ ሰንሰለቱ (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው) ነው፤ ዘይቱ በጊዜው ያልተቀየረለት ቶሎ ይላላል። ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄደሽ አስነሺው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ሞተሩ ከፊት በኩል ከተንቀጫቀጨ ሰንሰለቱ ላልቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ዋጋ አስቀንሺ ወይ ተይው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አማቴስ? ለመውጣት አይቸገሩም?

መካኒኩ፦
እዚህ ላይ ራቭ ፎሩ ይበልጣል፣ አልዋሽሽም። የኋላ ወንበሩ ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ለጉልበት ቦታ ይሰጣል፤ የቪታራው አይንሸራተትም። ቪታራውን ከያዝሽ እሳቸውን ፊት አስቀምጫቸው። ከመክፈልሽ በፊት ሁለቱም ላይ ሁለት ሦስቴ ይውጡ ይውረዱ፤ የትኛው እንደሚቀላቸው ራሳቸው ይንገሩሽ። ቪታራውን ከመረጣችሁ ቅዳሜ ይዛችሁት ውረዱ፣ ከሥሩ ገብቼ አየዋለሁ።