ለኳርቴቱ (ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና ትልቁ ቼሎ) የጅማ ኮንሰርት የምናስገባው የጋራ ዕቅድ፣ እስከ ሐሙስ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ የዩኒቨርሲቲው የሂዩማኒቲስ ክፍል አዳራሹን እሰጣለሁ ብሏል። የተጫዋቾቹ ትራንስፖርትና ማረፊያ የኛ ነው። ዓላማው ያው አምና የተስማማንበት ነው፤ የመግቢያው ገንዘብ ለልጆቹ ክበብ ቫዮሊን መግዣ ይሆናል። የዕቅዱ ደብዳቤ ሐሙስ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከሆነ ቼሎው የራሱ ወንበር ይቆረጥለታል። ዕቃ ክፍል የሚወረወር ነገር አይደለም። ስለዚህ በመኪና፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምና ሚኒባስ አለኝ ያለው ሰው የት ገባ? ካዝናው የባለፈውን ዝግጅት ጉድለት ገና አልሸፈነም። እኔ ዳግመኛ ከኪሴ አላወጣም።

የሂርማታው (ሂርማታ፣ ፈረንጅ አራዳና ጅሬን የጅማ ሰፈሮች ናቸው)፦ ሚኒባሱ አለ፣ እኔ ራሴ አመጣቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይግባ። ተጫዋቾቹ በጅማ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለሦስት እግር በርጩማ ያለው ከተማ መድረኩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ሲደረድር ያሳፍራል።

የፈረንጅ አራዳዋ፦ በጣም እደግፋለሁ። ፖስተሩን እኔ እሠራለሁ።

መምህሩ፦ አይሆንም። ቼሎ የሚጫወት ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን መሬት ተክሎ፣ መሣሪያውን በጉልበቱ መሐል ነው የሚይዘው። በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፣ መሐሉም ጎድጎድ ይላል። ጉልበት ወደ ላይ ይወጣና ቀስቱ ዳር ያሉት አውታሮች ላይ ሲሄድ ይነካዋል። የሚያስፈልገው መደገፊያ ክንድ የሌለው፣ ለጥ ያለ፣ የማይነቃነቅ ወንበር ነው። ምንጣፍም ይኑር፤ ከቼሎው ግርጌ የሚወጣው ሹል ብረት ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል።

የሂርማታው፦ እሺ፣ ሁለቱ ቫዮሊኖችና ቪዮላው ይቀመጡበታ።

መምህሩ፦ አራቱ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚጫወቱት። ፊታቸው ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚመራቸው ሰው የለም። አንዷ ትንፋሽ ስትስብ፣ ቀስቷን ከፍ ስታደርግ፣ ሌሎቹ ያንን አይተው አብረው ይገባሉ። ሦስቱን ታች አስቀምጠህ አንዱን ላይ ብትሰቅለው ይኼ ሁሉ ይበላሻል።

የሂርማታው፦ ጋሼ፣ አዝማሪ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስንት ዘመን ተጫወተ! የኛ ነገር ሲሆን ነው ምክንያት የሚደረደረው።

መምህሩ፦ ማሲንቆ ለበርጩማ ይመቻል፣ ቼሎ አይመችም። ሌላ ነገር አልወጣኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ከትናንት ጀምሮ የማነበው ስለ መቀመጫ ብቻ ነው። ማረፊያውን ማን ይከፍላል?

የጅሬኑ፦ የመቀመጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም ወንድሜ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እያየሁ ነው ያደግሁት። በርጩማ የሚፈለፍሉት ሰዎች ዛሬ ገዢ አጥተው ቁጭ ብለዋል። ከተማው ሰው የሚጠራ ከሆነ ሥራቸው ይታይ።

መምህሩ፦ ይታይ፣ ከበር ላይ! ልጆቹ አንድ ቫዮሊን ለስድስት እየተቀባበሉ ይማራሉ፣ እናንተ ስለ እንጨት ትጣላላችሁ።

የሂርማታው፦ እንጨት አልክ? እንግዲያው ሚኒባስ ከሌላ ፈልጉ።

ጸሐፊዋ፦ ኧረ እንዲህ አይባባልም! ሁለታችሁም ለዚሁ ኮንሰርት ብላችሁ ነው። ይልቅ ቀኑን እንቁረጥ።

መምህሩ፦ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ። ኳርቴት ያለ ማይክ ነው የሚሰማው፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከወረደ አንድም ድምፅ አይተርፍም። እርጥበቱም እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ቅኝቱ አይጸናም። ሂርማታ፣ በአነጋገሬ ከተቀየምክ ይቅር በለኝ። ወንበሩ ላይ ግን አልለወጥም።

የሂርማታው፦ ይሁን ጋሼ፣ አልተቀየምኩም። ወንበሩ ይቅር። በርጩማዎቹ ግን በር ላይ ሳይሆን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይደርደሩ፣ ማሲንቆም ቀድሞ ይግባ።

የጅሬኑ፦ ተስማምቻለሁ። ለማየት የሚመጣ ሰው ግን መግቢያ አይከፍልም፣ ነጻ ይሁን።

መምህሩ፦ ማሲንቆው ይግባ፣ ደስ ይለኛል። ለኳርቴቱስ ስንት ደቂቃ ቀረ? የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሃይድን አንዱ ኳርቴት ብቻ አራት ክፍል አለው፣ 20 ደቂቃ ያልፋል። ይህን ሙዚቃ መልክ ያስያዘው ሃይድን ነው። ልጆቹ አንዱን እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይስሙ እንጂ።

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ክፍል ብንለውስ? ሰዓቱ አልበቃ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ መግቢያው ነጻ ከሆነ የቫዮሊኑ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማንም አልመለሰልኝም።

ጸሐፊዋ፦ በር ላይ ሣጥን እናስቀምጣለን።

መምህሩ፦ ሣጥን ቫዮሊን አይገዛም። ይኼ ነጥብ ሳይስተካከል ደብዳቤው እንዳይገባ።

የጅሬኑ፦ ቫዮሊኑ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ። የበርጩማ ሠሪዎቹን እኔ አነጋግራለሁ፣ ለነሱ ጠረጴዛ ኪራይ ግን በጀት ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከምን?

ጸሐፊዋ፦ ርዕሱን «የጅማ በርጩማ ዐውደ ርዕይና የሙዚቃ ምሽት» ብዬዋለሁ፣ ነገ ጠዋት አስገባለሁ። የፈረንጅ አራዳዋ፣ ፖስተሩ የት ደረሰ? ሂርማታ፣ የሚኒባሱን ቁርጥ ንገረኝ፣ ስልክህ አይነሳም።