የነዳያን ምገባው ነገ ሊቆም ነው፤ ከሕንፃው ሒሳብ እንበደር?

ገንዘብ ያዡ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባለ ሱቁ ዱቤ በቃኝ አለ። የዘይት፣ የሽንኩርትና የማገዶ መግዣ የለንም። የደብሩ ሕንፃ ማሠሪያ ሒሳብ ላይ ግን ብር ተቀምጧል። ከዚያ ተበድረን ለፋሲካ በሚገባው ብንመልስስ?

ደጀ ሰላም፦ መጀመሪያ ሕጉን እወቁ! በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20% አይበልጥም። የኛ ሰው ሲቸግረው ብቻ ነው ሕግ የሚጠይቀው። ሥርዓት የለም፣ ዕቅድ የለም...

ጠበቃ፦ ወንድሜ፣ ያ አዋጅ የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ካቋቋሙ ነው የሚይዛቸው። ጠያቂው፣ እናንተ በማን ሥር ናችሁ?

ገንዘብ ያዡ፦ በሰበካ ጉባኤው ሥር ያለን ማኅበር ነን። ነገ ምን ላብስል ነው ጥያቄው!

ወጥ ቤት፦ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ?

ገንዘብ ያዡ፦ ማካሮኒ እስከ ጣሪያ። ለገና ሰው ሁሉ ያመጣው እሱን ነው። ሽሮም ትንሽ አለ።

ሒሳብ ሠሪ፦ እንግዲያው አልከሰራችሁም፣ ጥሬ ብር ነው ያጠራችሁ። በዓል ሲመጣ የሚገባው እህል ነው፤ በየቀኑ የሚወጣው ግን ብር። ማካሮኒውን በብር ተምናችሁ ገቢ ውስጥ ከደመራችሁት ሪፖርቱ ሁሌ ያማረ ይመስላል። ለዩት። የአንድ ቀን ወጪያችሁን አውጡ፤ ማገዶ፣ ዘይት፣ ወፍጮ፣ ውኃ። ተዝካር ወይም ክርስትና ያለበት ሰው «ምን ይዘን እንምጣ?» ሲል ቁጥሩን ንገሩትና አንድ ቀን ይቻል። የሕንፃው ብር ለሕንፃ ተብሎ የተሰጠ ነው። ግድ ከሆነ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ የሚመለስበት ቀንም ይጻፍ።

ቀልደኛው፦ ማካሮኒውን ለባለ ሱቁ ስጡና ዕዳው ይሰረዝ 😂

ደጀ ሰላም፦ ለነዳያን የተሰጠ አይሸጥም!!

የጉልቷ፦ ታዲያ ጥሬውን ይቆርጥሙት? ያመጡትን ሰዎች አስፈቅዶ በዘይትና በሽንኩርት መለወጥ ነው። ቀልደኛው ሳያውቀው ቁም ነገር ተናገረ።

አባል፦ እኔም የምለው የአንድ ቀን ወጪ አውጡ ነው።

ቀልደኛው፦ ከላይ ተብሏል እኮ ጌታው።

ገንዘብ ያዡ፦ ባለ ሱቁን ጠየቅሁት፤ ስንት ካርቶን ነው አለኝ። ለሰጪዎቹ እየደወልኩ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ግን ስልክ አያነሱም።

የጉልቷ፦ ቤታቸው ሂድ እንጂ! ማታ የት ይሄዳሉ?