እንጥል በላቲን ለምን «ዩቩላ» ተባለ?

ጥያቄ (የጤና ተማሪ)፦
የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። መምህራችን «ዩቩላ» የሚለው የእንጥል ስም ከወይን የመጣ መሆኑን ጠቅሰው ሳያብራሩት አለፉ። ማታ በስልኬ መብራት መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ብመለከት፣ ከላንቃዬ ጫፍ የተንጠለጠለችው ቀጭን ሥጋ ከወይን ፍሬ ጋር ምንም መመሳሰል አላገኘሁባትም። ስሙ በምን ምክንያት ተሰጣት?

መልስ (የቋንቋ መምህር)፦
በላቲን «ኡቫ» ወይን ማለት ሲሆን፣ «ኡላ» የሚለው ማሳነሻ ቅጥያ ሲጨመርበት «ትንሿ ወይን» ይሆናል፤ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የተዘረጋው አጥንት «ክላቪኩላ»፣ ማለትም «ትንሿ ቁልፍ»፣ የተባለውም በዚሁ ስልት ነው። እርስዎ የተመለከቱት ግን ጤነኛውን እንጥል ነው። ከላቲኑ በፊት አርስቶትል ይህ አካል ርሶ ሲቆጣ «ስታፊሌ»፣ ማለትም የወይን ዘለላ፣ እንደሚባልና እንደሚያንቅ ጽፏል። ላዩ ቀጥኖ ታቹ አብጦ፣ ቀልቶና ከብዶ ሲንጠለጠል ቢያዩት ኖሮ ወይኑ ወዲያው ይታይዎት ነበር። ስሙ በመጀመሪያ የሕመሙ ስም ነበር ማለት ነው፤ ኋላ ለጤነኛውም ተረፈ።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
በሥራዬ በየዕለቱ የምጽፈው «ስታፊሎኮከስ» ከዚሁ የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን በ1880ዎቹ ስሙን ያወጣለት፣ ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግቶ ስለሚገኝ ነው።

መልስ (ነርስ)፦
እኔ ደግሞ «ወረደ» ስለሚለው ግስ ላንሣ። ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ኬልሱስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ «ኡቫ» (እንጥልን ማለቱ ነው) ተቆጥቶ ሲወርድ፣ ሲያምና ቀላ ሲል ብዙ ደም ስለሚያፈስ ያለ አደጋ ሊቆረጥ እንደማይችል ጽፏል። «ሲወርድ» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። አያቴ ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ትል ነበር፤ ሮማዊው ጸሐፊና የገጠሯ አሮጊት አንዱን ነገር በአንድ ግስ ገልጸውታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእኛ ሰፈር እንጥሉ ወረደ የተባለ ሕፃን ወደ ቆራጭ ይወሰድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የተቆረጠ ዕለት እናቴ ከአፉ የሚወርደውን ደም በነጠላዋ ጫፍ ስታብስ፣ ነጠላው እስከ ጥለቱ ሲቀላ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም ለክፍል ጓደኞችዎ ሲያስረዱ፣ የኬልሱስን ማስጠንቀቂያም አብረው እንዲነግሩልኝ እለምንዎታለሁ።