«ከወደቡ አስወጡ» ሲባል አዳኑ ነው ወይስ አባረሩ?

መምህርት፦ ጤና ይስጥልኝ። ለታሪክ ክፍለ ጊዜ «ከግንቦት 18 እስከ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. እንግሊዞች ከ338,000 በላይ ወታደሮችን ከፈረንሳዩ ዱንከርክ ወደብ አስወጡ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምን አጥፍተው ተባረሩ?» አለችኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከበዋቸው በባሕር እንዳመለጡ አስረዳሁ፤ ግሡ ግን ከነከነኝ። ምን ብዬ ላርመው?

በአማን፦ «አወጡ» በያ እህቴ! ከእሳት፣ ከጉድጓድ፣ ከጭንቅ የሚታደግ «ያወጣል»፤ «የሚያስወጣ» የቤት አከራይ ነው። ኦሪቱም በግእዝ «ዘአውፃእኩከ እምድረ ግብጽ»፣ ከግብጽ ምድር ያወጣሁህ፣ ነው የሚለው። ፊት ለፊት ባሕር፣ ከኋላ የፈርዖን ሠረገላ፤ ዱንከርክም ይኸው ነው።

የኔታ ዘጎጃም፦ ልጄ፣ ጥቅሱን በደንብ ይዘሃል፤ ፍቺው ግን አመለጠህ። «ከእስር አስወጣኝ» ያለ ሰው ተባረርኩ ማለቱ ነው? «አስ» በሌላ ሰው እጅ ማሠራት ነው። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ራምሴ በእንግሊዝ ዳርቻ ዶቨር ላይ ከግንቡ ሥር ባለ ዋሻ ሆኖ አዘዘ፤ ወታደሩን የጫኑት የጦር መርከበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ባለ ጀልባዎች ናቸው። እሱ አስወጣ፣ እነሱ አወጡ። ግሥ ሳወርድ፣ የግእዝን ግሥ ሳረባ፣ ነው ያረጀሁት።

በአማን፦ የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝና «እንግዳውን አስገባሁት» ስል መካከላችን ማን አለ? በሩን የከፈትኩት ራሴ ነኝ! «አገባ»ን ጋብቻ ስለወሰደው «አስ» ቦታውን ሸፈነለት እንጂ ሌላ እጅ የለበትም።

የኔታ ዘጎጃም፦ «ገባ» ለብቻው ነው፤ ከ«ወጣ» ጋር አታዳብለው።

ወለተ ሸዋ፦ «ነቅለው ወጡ» ብትልስ? ድንኳኑን የነቀለ ጦር ነው።

ባሕረኛው፦ አይሆንም። ነቅሎ የሚወጣ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ሰው ሳያስቀር ነው። እነዚህ ከ2,000 በላይ መድፍና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተሽከርካሪ እዚያው ጥለዋል። ብዙዎቹ ከአሸዋው ዳርቻ የተነሡ ይመስላቸዋል እንጂ አብዛኛው ሰው የተጫነው ማዕበል ለመከላከል ወደ ባሕር ከተዘረጋው ረጅም ግድብ ላይ ነው፤ ጓዝ የሚጫንበት ቦታ አልነበረም። ደጀን ሆነው የተዋጉት ፈረንሳዮችም በአሥር ሺዎች ተማርከው ቀርተዋል። ስለ መውጣቱ ስናወራ እነሱን መርሳት ያሳዝነኛል።

ወለተ ሸዋ፦ «ጓዝ» ካልክ አይቀር፣ እኔ «ግዕዘ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው ባይ ነኝ፤ ሰፈር ለቆ መሄድ ማለት ነው። «ተጓዘ»ም የእሱ ልጅ ነው።

የኔታ ዘጎጃም፦ ይህን ተቀብያለሁ።

መምህርት፦ ለነገ ሰሌዳው ላይ የቱን ልጻፍ?

በአማን፦ «አወጡ»! ኦሪት ዘጸአትን ክፈቺና…

የኔታ ዘጎጃም፦ መጀመሪያ «ዘፀአት» ብለህ ጻፍ። የወጣበት ግሥ ወፅአ (ወጣ) በፀሐዩ «ፀ» ነው።

በአማን፦ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በጸሎቱ «ጸ» ነው የጻፈው፣ የኔታ።

የኔታ ዘጎጃም፦ አታሚው ግሥ አልወረደም።