ጥቆማ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊት እናት ወላጆች የት ይገኛሉ?

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊቷ ባለቤቴ ቅም አያት በ1840ዎቹ ኦሃዮ ነው የተወለደችው። የምትታወቀው በባሏ ስም ብቻ ነው። ወላጆቿን ለማግኘት አንሴስትሪ ለሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ልክፈል ወይስ ነፃዎቹ ይበቃሉ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው አትክፈል። በፋሚሊሰርች ጀምር፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ነው፣ መመዝገብ እንጂ መክፈል የለም። እንደ እኛ ሴቶች የአባቷን ስም ይዛ አልኖረችምና ዋናው ሥራ የጥንት ስሟን፣ ማለትም ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም፣ መያዝ ነው። ከዕድሜዋ መጨረሻ ወደ ኋላ ሂድ። የ1900 ቆጠራ የተወለደችበትን ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆየችበትን ዘመን፣ ስንት ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይነግርሃል። «31 ዓመት» ካለ ጋብቻውን በ1869 ዙሪያ በካውንቲው (በአውራጃው) መዝገብ ፈልግ። የ1890ው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ እሱን አትጠብቅ። በ1880 «የባል አማት» ተብላ አብራ የተመዘገበች አሮጊት ካለች፣ ድጋሚ አላገባች እንደሆነ የምትፈልገው ስም የእሷ ነው። ከ1850 እስከ 1870 ግን ዝምድና አይጻፍም፤ በቤቱ ያለችው ሴት ሁለተኛ ሚስት ወይም እህት ልትሆን ትችላለች።

ቀጥሎ የልጆቿን የሞት ምስክር ወረቀት አውጣ፤ የእናት የጥንት ስም የሚል ቦታ አለው። የአንዱን ሳይሆን የሁሉንም። መረጃውን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አማች ወይም የልጅ ልጅ ስለሆነ በግምት ይሞላዋል። የድረ ገጹ ማውጫም የእጅ ጽሑፉን አሳስቶ ይገለብጣልና የሰነዱን ምስል ራሱን ክፈት።

መልስ 2፦ አንሴስትሪ ፍለጋው ይፈጥናል፤ ጉዱ የሰዎች የዘር ሐረግ ላይ ነው። አንዱ ከሌላው ይገለብጣል፣ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። ሰነድ ያልተያያዘበትን እንደ ወሬ ቁጠረው። ከመክፈልህ በፊት የሰፈርህን ላይብረሪ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ የላይብረሪ እትሙን በነፃ ያስጠቅማሉ። ማይሄሪቴጅ የሚባለው ሌላው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ወላጆቿ ከአውሮፓ የመጡ ከሆነ ይጠቅማል፤ ካልሆነ ተወው። ፋይንድ ኤ ግሬቭ በሚባለው የመቃብር መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የመቃብር ድንጋዩን ፎቶ እመን፣ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ አጣራ።

መልስ 3፦ ባሏ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ጦር ተሰልፎ ከሆነ፣ ገንዘብህን ለመበለት ጡረታ ፋይል አውጣው። ጡረታውን ለማግኘት ሕጋዊ ሚስት መሆኗን ማስረዳት ስለነበረባት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የአዋላጅ ቃለ መሐላ፣ አንዳንዴም ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ የተገነጠለ ገጽ ይገኝበታል። መጀመሪያ የማውጫ ካርዱን ፋሚሊሰርች ላይ ፈልገህ የማመልከቻና የሰርተፊኬት ቁጥሩን ገልብጥ፤ ከዚያ ከዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እዘዝ። የማውቀው ዋጋ ለመጀመሪያዎቹ 100 ገጾች 80 ዶላር ነው፤ ከማዘዝህ በፊት አረጋግጥ። ለደቡቡ ጦር የተሰለፈ ከሆነ ጡረታውን የከፈሉት ክፍለ ግዛቶቹ ስለሆኑ እዚያ አትድከም።

ጋዜጣ ለማየት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ ነፃ ነው። በእሷ ስም አትፈልግ፤ «ሚስስ» ብለህ የባሏን ስም አስከትል። የአባት የሞት ዜና ሴት ልጆችን የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

መልስ 1፦ አንድ የረሳሁት፦ ፋሚሊሰርች አሁን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ፍለጋ አለው፤ ኑዛዜና የመሬት ውል ውስጥ ይገባል። የባሏን ስም ከካውንቲው ጋር አስገባ። አባት ሲሞት ወንድምና እህቶች የወረሱትን መሬት ከነባለቤቶቻቸው ፈርመው ይሸጡ ነበር፤ ያ ውል ከተገኘ ባሏም፣ እሷም፣ የጥንት ስሟን የያዙት ወንድሞቿም አንድ ገጽ ላይ ናቸው።