ልጅ በየቀኑ 10 ደቂቃ ቢያረፍድ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያረፍዳል፤ በወር ሁለት ቀን ይቀራል። ያሳስባል?

መልስ 1፦ ያሳስባል እንጂ! ዓመቱን 180 የትምህርት ቀን ብንለው፣ 10 ደቂቃዋ 30 ሰዓት ትሆናለች። የሚያመልጠው ደግሞ መምህሩ የትናንቱን ከዛሬው የሚያያይዝበት መግቢያ ነው። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ እስኪረጋጋ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ምሳሌ ተጽፏል። በወር ሁለት ቀን መቅረትም ከመቶ አስር ገደማ ነው።

መልስ 2፦ ጠዋት ማጣደፍ አይፈታውም፤ ችግሩ ማታ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። መኝታውን በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። ቦርሳና ዩኒፎርም ማታ ይዘጋጁ፤ ካልሲም (ሁሌ የምትጠፋው አንዷ ናት)።

መልስ 3፦ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለው ይቅር። ሰኞ ሰኞ ብቻ «ሆዴን» ካለ ግን መምህሩን አነጋግሩ፤ የሚያስፈራራው ልጅ ሊኖር ይችላል።